ዳውንታውን ላይ ቢድ ማቋቋም በካሊፎርኒያ፦ ፊርማው፣ ስሌቱና የተከራዩ ድርሻ

ጥያቄ — ዳውንታውን ነጋዴ

ሰላም ለሁላችሁ። በካሊፎርኒያ አንዲት መካከለኛ ከተማ ዳውንታውን ያሉ ባለሕንፃዎች ቢድ ለማቋቋም ተነሥተዋል። ለማያውቀው፣ ቢድ ማለት በአንድ በተከለለ የንግድ ሠፈር ያሉ ባለንብረቶች በከተማው ምክር ቤት በኩል በራሳቸው ንብረት ላይ አሰስመንት (ንብረቱ ለሚያገኘው አገልግሎት የሚጣል ክፍያ) አስጥለው፣ ገንዘቡን እዚያው ሠፈር ለጽዳት፣ ለጥበቃና ለገበያ ማስተዋወቅ የሚያውሉበት አሠራር ነው። የታሰበው ክልል 62 ፓርስል (በካውንቲው መዝገብ ለየብቻ የተመዘገበ ይዞታ) ይይዛል፤ በጀቱ በዓመት 400,000 ዶላር ነው። ከባለሕንፃዎቹ መካከል የእኛ ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ ምግብ ቤት፣ ቡና ቤትና ግሮሰሪ የከፈቱት ወገኖቻችን አብዛኞቹ ተከራዮች ናቸው። አንድ ቤተ ክርስቲያንም በክልሉ ውስጥ ሕንፃ አላት።

ሥራው ከየት ተጀምሮ የት ያልቃል፣ ምን ያህል ጊዜስ ይፈጃል? አንድ ፓርስል የሚከፍለው በምን ይሰላል? ተከራዩ ይከፍላል ወይ፣ ከከፈለስ ድምፅ አለው? በዚያውም በሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ እንዳለው ሊትል ኢትዮጵያ ላለ አጭር የንግድ ረድፍ ይኸው አሠራር ያዋጣ እንደሆነ ብትነግሩን። ጉዳዩን በቅርብ የምታውቁት በዝርዝር ጻፉልን።

መልስ — የምክር ቤት ጉዳይ

የሚገዛችሁ በ1994 የወጣው የንብረትና የንግድ ማሻሻያ ዲስትሪክት ሕግ ነው። በላዩ ላይ በ1996 መራጩ ሕዝብ ያጸደቀው ፕሮፖዚሽን 218፣ አሰስመንት ባለንብረቶች ድምፅ ሳይሰጡበት እንዳይጣል የሚያዘው ሕግ፣ አለ። የመጀመሪያው ፔቲሽን (ቢዱ ይቋቋም የሚል የባለንብረቶች ፊርማ) ይጠይቃል፣ ሁለተኛው የድምፅ ወረቀት። ብዙ ሠፈር የሚሰናከለው እነዚህን ሁለቱን አንድ አድርጎ በማየት ነው።

ፔቲሽኑ ላይ ከጠቅላላው አሰስመንት ከ50 በመቶ በላይ የሚከፍሉ ባለንብረቶች መፈረም አለባቸው። የሚቆጠረው የሰው ብዛት ሳይሆን ዶላር ነው። አንድ ባለቤት ብቻውን ከ40 በመቶ በላይ የሚከፍል ከሆነ ከ40 በላይ ያለው ድርሻው ለፔቲሽኑ አይቆጠርለትም፤ አንድ ትልቅ ባለሀብት ሠፈሩን ሁሉ ጎትቶ እንዳያስገባ ነው። በዚህ ደረጃ ዝም ያለ ሁሉ እንደተቃወመ ያህል ነው። በድምፅ ወረቀቱ ጊዜ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ የሚቆጠሩት ተሞልተው የተመለሱት ብቻ ናቸው፣ እነሱም በየሚከፍሉት ዶላር ይመዘናሉ። የተቃዋሚው ዶላር ከደጋፊው ከበለጠ ምክር ቤቱ አሰስመንቱን መጣል አይችልም። እዚህ ላይ የሚደርሰው ጥፋት አንድ ዓይነት ነው፦ ፔቲሽኑን የፈረመው ሰው «እኔ ድምፄን ሰጥቻለሁ» ብሎ ፖስታውን ሳይከፍት ያስቀምጠዋል፣ ተቃዋሚው ግን በመጀመሪያው ሳምንት ይመልሳል። ስለዚህ ፔቲሽን የፈረመውን ሁሉ በስም ይዛችሁ የድምፅ ወረቀቱን መመለሱን አንድ በአንድ ተከታተሉ። ሐሳቡን የቀየረ ሰው በሕዝባዊው ስብሰባ ላይ የሕዝብ አስተያየት መስማቱ እስኪያበቃ ድረስ ወረቀቱን መለወጥ ወይም ማንሣት ይችላል። ተቃዋሚም እስከዚያች ደቂቃ ሊለመን ይችላል ማለት ነው።

ፖስታው ላይ በትልቁ ከ16 ነጥብ ባላነሰ ደማቅ ፊደል ይፋዊ የድምፅ ወረቀት በውስጡ እንዳለ መጻፍ ግዴታ ነው። ሕጉ ይህንኑ ሐረግ ከእንግሊዝኛ ውጭ በሌላ ቋንቋም መድገም ይፈቅዳል። የእኛ ባለሕንፃዎች ባሉበት ክልል የከተማውን ጸሐፊ በአማርኛ እንዲጨመርበት ጠይቁ፤ ምንም አያስከፍልም፣ እንደ ማስታወቂያ ወረቀት ተጥሎ ከመቅረት ግን ያድነዋል።

ፊርማ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በስም ነው። የዳውንታውን ሕንፃ ብዙውን ጊዜ በኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ኩባንያ)፣ በቤተሰብ ትረስት (ትረስቲ የሚባል ሰው ንብረቱን በአደራ የሚይዝበት) ወይም ገና ባልተከፋፈለ ውርስ ስም ተይዞ ይገኛል። አባት ሞቶ ልጅ ቢፈርም ፍርድ ቤት የሰጠው የውርስ አስተዳዳሪነት ወረቀት ካልተያያዘ ከተማው ሊጥለው ይችላል። ለኤልኤልሲ የማኔጀሩን ሥልጣን የሚያሳይ ሰነድ፣ ለትረስት የትረስቲውን ማረጋገጫ ከፊርማው ጋር አብራችሁ ተቀበሉ። ማጣሪያው ላይ ጥቂት ፊርማ መውደቁ ስለማይቀር 50.1 ላይ ደርሶ ማቆም አደገኛ ነው፤ 55 ወይም 60 በመቶ ይዛችሁ ግቡ።

የጊዜ ሰሌዳውን ከመጨረሻው ወደ ኋላ ቁጠሩ። አሰስመንቱ የሚሰበሰበው በካውንቲው የፕሮፐርቲ ታክስ ቢል ላይ ነው፤ ካውንቲዎች ዝርዝሩን የሚቀበሉት በኦገስት መጀመሪያ አካባቢ ነው። ያ ቀን ካመለጠ አንድ ዓመት ሙሉ ጠፋ። ስለዚህ ሕዝባዊው ስብሰባና የመጨረሻው ውሳኔ በጁን ወይም በጁላይ መጀመሪያ ማለቅ አለበት። የድምፅ ወረቀቱ ከስብሰባው ቢያንስ 45 ቀን ቀደም ብሎ በፖስታ ይላካል፤ ምክር ቤቱ ቢድ ለማቋቋም ማሰቡን የሚገልጸውን ውሳኔ ከዚያ በፊት፣ በኤፕሪል አካባቢ ያሳልፋል። ፔቲሽኑ እንግዲህ በፌብሩዋሪ ወይም በማርች ማለቅ ይኖርበታል፤ ክልሉን፣ አገልግሎቱንና በጀቱን የሚዘረዝረው የአስተዳደር ዕቅድና የክፍያውን ስሌት የሚያረጋግጠው የኢንጂነር ሪፖርት ደግሞ ከአዲሱ ዓመት በፊት። ከመጀመሪያው ውይይት አንሥቶ ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል አስቡ። የሲቲ አተርኒው (የከተማው ጠበቃ) ቢሮ ሪፖርቱን ለመመርመር የሚወስደውን ጊዜ አትርሱ፤ ሰሌዳ የሚያፈርሰው ብዙውን ጊዜ እሱ ነው።

የታክሱ የመጀመሪያ ክፍያ ኖቬምበር 1 ይደርሳል፣ ከዲሴምበር 10 በኋላ 10 በመቶ ቅጣት አለው፤ ሁለተኛው ፌብሩዋሪ 1 ደርሶ ኤፕሪል 10 ያበቃል። ገንዘቡ በእጃችሁ የሚገባው ወደ ዓመቱ መጨረሻ ነው። የጽዳት ኩባንያ ውል ከጃንዋሪ በፊት እንዲጀምር ከፈረማችሁ ደመወዙን ከየት እንደምትከፍሉ አስቀድማችሁ ዕወቁ።

የመጀመሪያው ዘመን ከ5 ዓመት አይበልጥም፤ ሲታደስ እስከ 10 ዓመት ይፈቀዳል። አንዳንድ ቻርተር ከተሞች (በራሳቸው መተዳደሪያ ቻርተር የሚመሩ) የራሳቸው ደንብ አላቸው። ሳን ፍራንሲስኮ በ30 በመቶ ፔቲሽን ይጀምራል፣ ዘመኑንም እስከ 15 ዓመት ያደርሳል። ከተማችሁ እንዲህ ያለ ደንብ እንዳለው የመጀመሪያው ቀን ላይ ጠይቁ።

መልስ — ሪፖርት ጸሐፊ

ስለ ስሌቱ ልጨምር። አሰስመንት በንብረት ዋጋ አይሰላም። ድሮ የተገዛና አምና የተገዛ ሁለት እኩል ሕንፃ ታክሱን ከተገዛበት ዋጋ ጋር በሚያስረው በፕሮፖዚሽን 13 ምክንያት የፕሮፐርቲ ታክሳቸው ሰማይና ምድር ሊሆን ይችላል፤ የቢድ ክፍያቸው ግን አንድ ነው። መለኪያው ፓርስሉ የሚያገኘው ልዩ ጥቅም ነው፤ ይኸውም ለሕዝቡ ሁሉ ከሚደርሰው አጠቃላይ ጥቅም በላይ ለዚያ ንብረት የሚደርሰው። ይህንን የሚያረጋግጠው በካሊፎርኒያ የተመዘገበ ፕሮፌሽናል ኢንጂነር በፊርማው ያጸደቀው ሪፖርት ነው።

በእናንተ በጀት አንድ ምሳሌ ልሥራ፤ ድምሮቹ ግምት ናቸው። ኢንጂነሩ ከ400,000 ዶላር ውስጥ 3 በመቶው የሚጠቅመው ለአላፊ አግዳሚው ነው ካለ፣ 12,000 ዶላሩ ከአሰስመንት ውጭ ከስፖንሰር፣ ከግራንት ወይም ከዝግጅት ገቢ መምጣት አለበት። የቀረው 388,000 በፓርስሎቹ ላይ ይከፋፈላል። 40 በመቶው ከእግረኛ መንገዱ ጋር በሚዋሰነው የፊት ርዝመት፣ 30 በመቶው በመሬቱ ስፋት፣ 30 በመቶው በሕንፃው ስፋት ይሁን። የክልሉ ጠቅላላ የፊት ርዝመት 9,000 ጫማ ከሆነ ለአንድ ጫማ 17.24 ዶላር ይመጣል። መሬቱ በድምሩ 900,000 ካሬ ጫማ ከሆነ 0.129፣ ሕንፃው 600,000 ካሬ ጫማ ከሆነ 0.194 ዶላር ይደርሳል። የፊት ርዝመቱ 50 ጫማ፣ መሬቱ 6,000፣ ሕንፃው 4,500 ካሬ ጫማ የሆነ ፓርስል እንግዲህ 862 ሲደመር 776 ሲደመር 873፣ በዓመት 2,511 ዶላር ይከፍላል።

ጭቅጭቅ የሚነሣው ማዕዘን ላይ ነው። የማዕዘን ፓርስል ሁለቱም ጎኑ ስለሚቆጠር ባለቤቱ ከጎረቤቱ እጥፍ ሊጠጋ ሲያይ ይደነግጣል። ጎኑም ይታጠባል፣ ጎኑም ይጠበቃል፤ መልሱ ይኸው ነው፤ ግን ፔቲሽኑ ሳይላክ በፊት ሄዳችሁ አስረዱት። ሌላው የሕንፃ ስፋት መረጃ ነው። የአሰሰሩ (የካውንቲው ንብረት ገማች) መዝገብ ብዙ ጊዜ ያረጀ ነው፤ ሁለተኛ ፎቅ ተጨምሮ ያልተመዘገበ፣ ወይም ፈርሶ ፓርኪንግ የሆነ ሕንፃ አሁንም አለ ተብሎ ተጽፎ ይገኛል። ለእያንዳንዱ ባለቤት መጠኑን የሚያረጋግጥበት ደብዳቤ አስቀድማችሁ ላኩ። ፔቲሽኑ ከወጣ በኋላ የአንዱ መጠን ከተቀየረ የሁሉም ድርሻ ይቀየራል፣ ዕቅዱም ሪፖርቱም እንደገና ይጻፋል።

ቢድን ፍርድ ቤት የሚያፈርሰው የዶላሩ መጠን አይደለም፤ አጠቃላዩና ልዩው ጥቅም በደንብ አለመለየቱ ነው። በ2008 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሲሊከን ቫሊ ታክስ ከፋዮች ማኅበር ጉዳይ ላይ፣ ዳኞች የመንግሥትን መሥሪያ ቤት ቃል እንዳለ ሳይቀበሉ በራሳቸው አመዛዝነው እንደሚፈርዱ ወስኗል። የማስረዳቱ ሸክምም የመሥሪያ ቤቱ ነው። በ2011 የሳን ዲዬጎው የጎልደን ሂል አሰስመንት የወደቀው ሪፖርቱ ሁለቱን ጥቅም ስላልለየና የከተማው ፓርስሎች የድምፅ ክብደት እንዴት እንደተሰላ ስላላሳየ ነው። በአንጻሩ የፖሞና ዳውንታውን ቢድ በ2009 ተከሶ ጸንቷል። ስለዚህ 3 በመቶው ከሌላ ከተማ ሪፖርት የተገለበጠ ከሆነ አትቀበሉት፤ የእናንተን ጎዳና ተመልክቶ ለምን 3 እንጂ 8 እንዳልሆነ በጽሑፍ ማስረዳት አለበት። ከተማው አሁን የሚሰጠው ጽዳትና ጥበቃ ምን ያህል እንደሆነም በስምምነት ይጻፍ። ያ ካልተጻፈ ቢዱ በተቋቋመ በዓመቱ ከተማው የራሱን መጥረጊያ ያነሣና ባለንብረቱ ድሮ በነፃ ያገኘውን ይከፍላል።

የመንግሥት ንብረትም ነፃ አይደለም። የከተማው ፓርኪንግ፣ የካውንቲው ቢሮ፣ የትምህርት ቤት ዲስትሪክት ሕንፃ ልዩ ጥቅም እንደማያገኝ በግልጽና አሳማኝ ማስረጃ ካልታየ በቀር ይከፍላል፤ ሲከፍል ድምፅም አለው። የፌደራል መንግሥት ንብረትን ግን ማስገደድ አይቻልም። ፖስታ ቤቱ የተከራየ ከሆነ የሚከፍለው የሕንፃው ባለቤት ነውና ባለቤትነቱን መዝገብ ላይ አረጋግጡ። ለመኖሪያ ብቻ የተዞነ ንብረት ሕጉ ራሱ ከክፍያው አውጥቶታል፤ ንግድ በተፈቀደበት ዞን ያለ አፓርትመንት ግን በዚህ አይድንም።

ዳውንታውን ነጋዴ

እግዜር ይስጥልኝ። የቤተ ክርስቲያኗ ነገርስ? አስተዳደሩ «ከፕሮፐርቲ ታክስ ነፃ ነን» ይላል።

ሪፖርት ጸሐፊ

ነፃ የሆኑት በዋጋ ከሚሰላው ታክስ ነው፤ ከአሰስመንት አይደለም። ዲስትሪክቱ ለትርፍ ላልቆሙ ድርጅቶች ዝቅ ያለ ተመን ማውጣት ይችላል፤ የፖሞናው ፍርድም ይህን ተቀብሏል፤ ድንበሩ የተቀነሰው በሌላው ባለንብረት ጫንቃ ላይ አለመጨመሩ ነው። በርግጥም ቤተ ክርስቲያን ለገበያ ማስተዋወቅ ከሚወጣው ገንዘብ የምታገኘው ጥቅም ከሱቅ ያነሰ ነው፤ ጽዳቱንና ጥበቃውን ግን እኩል ትጠቀማለች። የሰበካ ጉባኤው ይህን ዕቅዱ በሚረቀቅበት ወቅት በደብዳቤ ያቅርብ። ቢሉ ከመጣ በኋላ የሚያስተካክለው የለም።

መልስ — የኪራይ ውል

ተከራዮቹን በሚመለከት በግልጽ ልናገር፤ ወገኖቻችን የሚጎዱት እዚህ ላይ ነውና። ፔቲሽን የሚፈርመውም የድምፅ ወረቀት የሚላክለትም ባለንብረቱ ነው፤ ቢሉን ግን ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ተከራዩ ነው። ውሉ ትሪፕል ኔት (ተከራዩ ከኪራዩ ሌላ ታክስ፣ ኢንሹራንስና ጥገና የሚከፍልበት) ከሆነ «ታክስና አሰስመንት» የሚለው አንቀጽ ክፍያውን በሙሉ ወደ እናንተ ያሻግራል። ግሮስ ሊዝ (ወጪው በኪራዩ ውስጥ የተካተተበት) ቢሆንም ቤዝ ዪር (ወጪው የሚነጻጸርበት መነሻ ዓመት) የሚል ነገር ካለበት፣ ከዚያ ዓመት በኋላ የተጨመረ ወጪ ሊተላለፍ ይችላል። ከላይ በተሠራው ምሳሌ የሕንፃውን ግማሽ የያዘ ምግብ ቤት በዓመት ወደ 1,255፣ በወር ወደ 105 ዶላር ይደርሰዋል። ዕቅዱ በየዓመቱ እስከ 5 በመቶ ጭማሪ ከፈቀደና ቦርዱ ሁልጊዜ ጣሪያውን ከወሰደ፣ የፓርስሉ 2,511 በአምስተኛው ዓመት 3,052 ይሆናል። ጭማሪው ግዴታ አይደለም፣ ቦርዱ በየዓመቱ የሚወስነው ነው፤ ስለዚህ ቦርዱ ውስጥ ማን እንደሚቀመጥ ይመለከታችኋል።

ፕሮፖዚሽን 218 ውስጥ አሰስመንቱን ለመክፈል በቀጥታ ተጠያቂ የሆነ ተከራይ እንደ ባለንብረት እንደሚቆጠር የሚናገር ሐረግ አለ። በእሱ ብቻ አትተማመኑ። ቢሉ በባለቤቱ ስም እየመጣ በውል ወደ ተከራይ የሚተላለፍ ከሆነ «በቀጥታ ተጠያቂ» ነኝ ብሎ መሟገት ከባድ ነው። ሕንፃውን በሙሉ በረዥም ውል የያዘና ታክሱን ራሱ ለካውንቲው የሚከፍል ሰው ግን የሲቲ አተርኒውን በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ከስብሰባው ዕለት በፊት፣ ወረቀቶቹ ከመላካቸው በፊት።

ሌላው ተከራይ ማድረግ ያለበት ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ባለሕንፃው ፔቲሽኑን ሳይፈርም ሂዱና አነጋግሩት። ውላችሁ የሚታደስ ከሆነ ክፍያው ከሁለታችሁ ግማሽ በግማሽ እንዲሆን ወይም ጣሪያ እንዲኖረው ጠይቁ፤ ባለሕንፃው ፊርማችሁን ባይፈልግም ባዶ ሱቅ አይፈልግም። ዕቅዱ ወይም የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ለተከራይ ነጋዴዎች የቦርድ መቀመጫ እንዲያስቀምጥ በስም ጠይቁ፤ ሁለት መቀመጫ ቢገኝ ስለ ጽዳት ሰዓትና ስለ በዓላት ዝግጅት የምትሉት ይሰማል። በሕዝባዊው ስብሰባ ላይ መናገር ለማንም ክፍት ነው። ቢዱን የሚያስተዳድረው ለትርፍ ያልቆመ የግል ማኅበር ቢሆንም ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን በሚያዘው በብራውን አክትና በሕዝብ መዛግብት ሕግ ይገዛል። የመደበኛ ስብሰባ አጀንዳ ከ72 ሰዓት በፊት መለጠፍ አለበት፣ የወጪ ሰነድም መጠየቅ ትችላላችሁ። ይህንን መብት ተጠቀሙበት፤ ጽዳቱ እናንተ ደጅ ካልደረሰ ውሉንና የሥራ መዝገቡን ጠይቃችሁ አስመርምሩ።

መልስ — የምክር ቤት ጉዳይ

ስለ አጭር ጎዳና የተጠየቀውን ልመልስ። ፌርፋክስ ላይ ያለው ረድፍ በ2002 ሊትል ኢትዮጵያ ተብሎ በከተማው በይፋ ተሰይሟል። ስያሜ ምልክት ያስተክላል፣ ገንዘብ ግን አያመጣም፤ ሁለቱ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የንብረት ቢድ የማይቀር ወጪ አለው፦ የአማካሪ፣ የኢንጂነር፣ የኢንሹራንስ፣ የሒሳብ ሥራ፣ የሥራ አስኪያጅ። በዓመት 400,000 በሚሰበስብ ክልል ይህ ይሸከማል፤ 60,000 በሚሰበስብ ረድፍ ግን ለመጥረጊያው የሚተርፈው ጥቂት ነው። እንዲህ ያለ ጎዳና ከጎረቤት የንግድ ጎዳና ጋር አንድ ክልል ሆኖ የራሱ ዞን ቢኖረው ይሻላል።

ነጋዴዎቹ በአብዛኛው ተከራይ ከሆኑ ሌላ መንገድ አለ፤ በ1989 የወጣው የፓርኪንግና የንግድ ማሻሻያ ሕግ። በዚያ የሚከፍለው ንግዱ ነው፣ የሚቃወመውም ንግዱ ነው። ፔቲሽን አያስፈልገውም፤ ከክፍያው ግማሽና ከዚያ በላይ የሚሸከሙ ነጋዴዎች በጽሑፍ ከተቃወሙ ይቆማል። በየዓመቱ ሪፖርት ቀርቦ በምክር ቤት ይታደሳል። ድክመቱ አሰባሰቡ ላይ ነው። በታክስ ቢል ላይ ስለማይወጣ ያልከፈለን ማስከፈል ያስቸግራል፣ የሚሰበሰበውም ትንሽ ነው። ለጌጥ መብራት፣ ለበዓል ዝግጅትና ለጋራ ማስታወቂያ ይበቃል፤ በየቀኑ ጥበቃ ለማቆም ግን አይበቃም።

«ከገባን በኋላ መውጫ አለ?» ለሚሉም አለ። ቢዱ ከተቋቋመ አንድ ዓመት ሲሞላው ጀምሮ በየዓመቱ የ30 ቀን መስኮት ይከፈታል፤ ከአሰስመንቱ 50 በመቶና ከዚያ በላይ የሚከፍሉት ከፈረሙ ምክር ቤቱ የማፍረሱን ሒደት መጀመር አለበት። በፍርድ ቤት መቃወም የሚፈልግ ግን ጊዜው አጭር ነው፤ ሕጉ የሚሰጠው አሰስመንቱን የጣለው ውሳኔ ከጸደቀ በኋላ 30 ቀን ነው። በሕዝባዊው ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ተቃውሞውን አለመናገሩ መብቱን እንደማያሳጣው የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2021 በሎስ አንጀለስ ቢዶች ላይ በቀረበ ክስ ወስኖ ነበር፤ ከ2025 ወዲህ ግን ከተማው አዲሱ ሕግ ያስቀመጠውን ሥርዓት ከተከተለ፣ ተቃውሞውን በጊዜው በጽሑፍ ያላቀረበ ሰው መክሰስ አይችልም። አዘጋጆች ስብሰባው ጸጥ ስላለ ተቃዋሚ የለም ብላችሁ አትዘናጉ።

አሁን በዚህ ሳምንት የምትሠሩት አንድ ሥራ አለ። የ62ቱን ፓርስሎች ዝርዝር ከአሰሰሩ መዝገብ አውጡ፣ የአንድ ባለቤት የሆኑትን በተለያየ ኤልኤልሲ ስም ቢመዘገቡም አንድ ላይ አድርጉ፣ ግምታዊ ክፍያቸውን ደምሩና ከትልቁ ወደ ትንሹ ደርድሩ። የ194,000 ዶላሩ ወሰን (የ388,000ው ግማሽ) በስምንት ወይም በአሥር ባለቤት እጅ ውስጥ ሆኖ ብታገኙት አይግረማችሁ። እነዚያን ፊት ለፊት ሳታነጋግሩ ኢንጂነር አትቅጠሩ።